የማይነሳ ሚስኮል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሱቅ የከፈትኩት አንድ ሰዓት ላይ። ጭጋጉ መናኸሪያውን እስከ ሦስት ሰዓት አልለቀቀም። አሥራ ዘጠኝ ስልክ ቻርጅ ሰካሁ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። አንድ ሽማግሌ "ይሄ የኔ ስልክ አይደለም" ብለው ያዙኝ። የሳቸው ነው። ልጃቸው ትናንት ሽፋኑን ቀይሮላቸው ረስተውት ነው። ቁጥራቸው ላይ ደውዬ እጃቸው ላይ ሲጮህ ጊዜ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ሐሴት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ሁሉ ጭቃ። "እማ፣ ጫማዬ አፉን ከፈተ" ትለኛለች። ይከፍታል እንግዲህ... እስከ ዓርብ ዝም ይበል።

ወደ አመሻሹ አንዲት ልጅ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ቦርሳ በጀርባዋ ያነገበች። ትሁት እባላለሁ አለች፤ ከአዲስ አበባ። ካርድ ፈልጋ መስሎኝ "የስንት ልስጥሽ?" ብላት፣

"አይ፣ እዚህ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚጠቀም ማየት ፈልጌ ነው። ካስቸገርኩዎት ይንገሩኝ።"

"አይተሽስ?"

"እጽፈዋለሁ።"

ምንም ሳይገዛ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው... ከግብር ይሆን? የግብር ሰው እንኳ ሲመጣ ቆሞ ነው። እሺ አልኳት። እንግዳ ተነሺ አይባል ነገር። ግን ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ሹፌሩ ፈንታው አራት ሰዓት ላይ ገባ። አይሱዙው ከጎማው እስከ ታርጋው ጭቃ ብቻ። "ንጋት፣ ነዳጅ ሁለት ቀን ተሰልፌ ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ሙዝ ካልጫንኩ ራሴን ጭኜ ነው የምመለሰው" ይላል። መኪናውን በዓይኔ አየሁት። ኮፈኑንም ነካሁት፣ ትኩስ ነው። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

ይህን ነገር ጽፌው አላውቅም። ደብተሩ የኔ ብቻ ስለሆነ ልጻፈው። ወደ ሸኮ መንገድ አሥራ አራት ሙዝ ሻጭ ሴቶች አሉ፤ አስካለች እንደ አለቃቸው ናት። የፈንታውን መኪና መናኸሪያ ገብቶ ሳየው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ እደውላለሁ። አንዴ ጠራ፣ ዘጋሁ። ደግሞ ጠራ፣ ዘጋሁ። ሁለት ማለት መኪና ገብቷል፣ ቁረጡ። አንድ ማለት ዛሬ የለም፣ ገጀራችሁን አስቀምጡ። ሳይቆረጥ የቆየ ሙዝ ምንም አይሆንም፤ ተቆርጦ መኪና ያጣ ግን ደጅ ያድራል፣ ይጠቁራል፣ ነጋዴ አይነካውም። ስለዚህ የኔን ጥሪ ይጠብቃሉ። ማንም አያነሳም። ካነሳች ካርዴ ይቆጥራላ። የኔ ስልክ የሚነሳው ለቅሶ ወይ ሕመም ሲሆን፣ ደጋግሜ ስደውል ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ይኸው በዚህ አለን። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ልጅቷ በርጩማው ላይ ሆና ታየኛለች። ሃያ ስምንት ጊዜ ስደውል፣ ሃያ ስምንት ጊዜ ስዘጋ።

"እትዬ ንጋቷ፣ ለምንድነው የማያነሱልዎት?"

"ኔትወርክ ነው ልጄ። ይቆረጣል።"

"ሁሉም ጋ?"

"ወደዚያ መንገድ ሁሉም ጋ።"

ጻፈችው። ከሥሩም አሰመረችበት። ለምን ዋሸሁ? እንጃ... አፌ ቀደመኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

አልአዛር፣ ከጎኔ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጠው፣ ልጅቷ ምሳ እስክትሄድ ጠብቆ መጣ።

"አወቅሻት?"

"ከየት ብዬ።"

"እነዚህ የሚላኩት ሰው በነጻ የሚጠቀመውን ነገር ሊያጠኑ ነው። አጥንተው ዋጋ ያወጡለታል። ኋላ አልነገረኝም እንዳትዪ።"

"ምኑን ነው በነጻ?"

"ሚስኮሉን ነዋ። ነገ ጠርቶ ለተዘጋም ይቆጥራል ቢሉሽ ምን ልትይ ነው?"

አልአዛር ወሬ ይወዳል። አንዴ መናኸሪያው ሊፈርስ ነው ብሎ ሦስት ቀን እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ግን ቢሆንስ? አገሩ ሁሉ የሚነጋገረው በሚስኮል ነው። ባል "እየመጣሁ ነው፣ ምሳ አቅርቢ" የሚለው በሚስኮል። የኳየር ልጆች ልምምድ ተጀምሯል የሚባባሉት በሚስኮል። ያንን ሁሉ እኔ በርጩማ አቅርቤ ላስቆጥረው?

ከሰዓት ስትመጣ ስልኬን በፊቱ ደፋሁት።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው አልኳት።

"ሙዝ ሻጭና መኪና የሚያገናኝ አፕ ልንሠራ ነው። መኪና ሲመጣ ለሻጮቹ መልእክት ይደርሳቸዋል።"

"ታዲያ እንደ ሌሎቹ በመኪና ተጭናችሁ አትመጡም? ቲሸርት የለ፣ ኮፍያ የለ፣ ስብሰባ የለ።"

ሳቀች። "በጀት የለንማ። ብዙ ሰው ሰብስቦ ከመጠየቅ አምስት ስድስት ሰው ጋ ቁጭ ብሎ ማየት ይሻላል፣ ርካሽም ነው። ሰው ሲጠየቅ የሚለውና እጁ የሚሠራው ይለያያል።"

ይቺን ስትል ወደ ስልኬ ያየች መሰለኝ። አየች ወይስ እኔ ነኝ? ካምፓኒ ሆኖ ብር የሌለውስ ምን ዓይነት ነው... ያረፈችበት ቤት ደግሞ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በጣም ርካሹ ነው አሉ። እንዲህ የሚመስል ሰላይ ይኖር ይሆን?

ፈንታው ዛሬም ገባ። ሽንት ቤት ሄጄ ደወልኩ። ሃያ ስምንት ጊዜ፣ በዚያ ሽታ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ቀይ ደብተር ሰጠችኝ። አዲስ ነው፣ ይሸታል ደስ ሲል። ስልክ ባነሱ ቁጥር ይጻፉልኝ አለች። ስንት ሰዓት፣ ለማን፣ ለምን፣ ምን አስቸገረዎት። "ለአጻጻፉ አይጨነቁ፣ እንደሚያወሩት ይጻፉት" ትለኛለች።

ከሰባተኛ ክፍል ባቆምም ደብተር መጻፍ ማን እንደኔ። ይሄኛው መኖሩን ግን አታውቅም፣ አታውቅምም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

በቀዩ ላይ የጻፍኩት፦ "ጠዋት ሁለት ሰዓት። ለእህቴ ደወልኩ። ደህንነቷን ጠየቅኩ። ምንም አላስቸገረኝም።"

እህት የለኝም።

ሐሴት ከኋላዬ ሆና አነበበችው። "እማ፣ የቷ እህትሽ?" የቤተ ክርስቲያን እህቴ አልኳት። እንደዚያ ከሆነስ ውሸት አይደለም... ነው እንጂ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አስካለች ቤት ይዣት ሄድኩ። ሰዎቹን ካላየሁ አለች። ብቻዋን ከምትሄድና የሆነ ነገር ከሚያመልጣቸው ብዬ አብሬ ሄድኩ። በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር።

ሠርታ ያመጣችው ነገር አስቆኛል። ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ስልክ። መስተዋቱ ወረቀት ነው። በእርሳስ ሥላበታለች፤ መኪና፣ ሙዝ፣ "እሺ" የሚል ቁልፍ። በጣት ሲነኩት አንዱን ወረቀት ታነሳና ሌላ ታስቀምጣለች፤ ስልኩ ተቀየረ ማለት ነው። "እውነተኛውን ለማሠራት ብዙ ብር ይፈጃል፤ ወረቀት ቢሳሳቱበት አይቆጭም። ስትሳሳቱ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የናንተ አይደለም" አለቻቸው።

ሰባት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ካርቶኑን ገልብጣ ባትሪውን ፈለገች። አስካለች ግን አለችላችሁ፣ እንደ ጳጳስ መስቀል በሁለት እጇ ተቀብላ፣

"ቆንጆ ነው።"

"እዚህ ጋ ምን የተጻፈ ይመስልዎታል?"

"ቆንጆ ነው። ተባረኪ።"

"ቢከብድዎት ይንገሩኝ።"

"አይከብድም። ወረቀት ምን ይከብዳል?"

ሁሉም እንዲሁ። ለእንግዳ ያመጣሽው አይረባም ማን ይላል እዚህ አገር? ትሁት ደስ ብሏት ስትጽፍ አየኋት። ከሰባቱ አማርኛ ማንበብ የምትችል አንዲት ናት፤ እሷም መዝሙር ደብተሯን በቃሏ ስለምታውቀው ነው። አውቄ ዝም አልኩ።

ስንወጣ አስካለች በጆሮዬ፣ "ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው?"

"እንጃ።"

"ጥሪያችንን ነግረሻታል?"

"ሞቼ?"

"እንዳትነግሪያት። የኛ ነገር ወረቀት ላይ ከገባ የኛ አይሆንም።"

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ልትሞክረው ነው። አፑ ገና አልተሠራም፤ ራሷ አፕ ትሆናለች። ቁጭ ብላ በእጇ መልእክት እየጻፈች ትልካለች፣ ሰዎቹ ማሽን የላከው ይመስላቸዋል። እንዲህም አለ ለካ።

"ሥራ እንዳናበላሽ መኪና የሌለበት ቀን ይሁን" አለች። "ደግሞ ከእርስዎ ስልክ ብልከው? ቁጥርዎን ያውቁታል፣ አይደነግጡም።"

ስልኬን? ... እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ለምን ብትለኝስ? መልእክት ብቻ ከሆነ አልኳት። ረቡዕ አማን ለቅሶ አለብኝ፣ ስልኩን ላንቺ ትቼ እሄዳለሁ አልኳት። መልእክት ብቻ ሦስት ጊዜ አልኳት።

እንዳትደውዪ ግን አላልኳትም። ካልኩ ታውቃለቻ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ፈንታው አልመጣም። ነዳጅ። አንድ አንድ ጊዜ ደወልኩላቸው፣ ከዚያው ከሽንት ቤት።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። 

ረቡዕ ከለቅሶ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት። ትሁት ሱቁ በር ላይ ቆማ ስልኬን ዘረጋችልኝ። "እትዬ፣ አስካለች ደጋግመው እየደወሉ ነው፤ ለእርስዎ ነው ብዬ አላነሳሁም።" ወዲያው ጮኸ። አልተዘጋም። ይጮኻል፣ ይጮኻል። የሚነሳ ጥሪ ነው። ማን ሞተ ብዬ አነሳሁት።

"ንጋቷ፣ መኪናው የታለ?"

"የቱ መኪና?"

"ቆርጠናል እኮ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን። ዝናብ ላያችን ላይ ነው።"

ልጅቷን ዞሬ አየኋት። "ደውለሽላቸዋል?"

"መልእክቱ መድረሱን ላረጋግጥ ብዬ ነው... አላነሱም። ይቆረጣል ስላሉኝ ደግሜ ሞከርኩ።"

አንዴ። ደግሞ አንዴ። ለአሥራ አራቱም።

መልእክቱን አሳየችኝ። "ይህ ሙከራ ነው። ዛሬ መኪና የለም" ይላል። በጥሩ አማርኛ። ማን ያንብበው?

በባጃጅ እስከሚቻለው፣ ከዚያ በሞተር ሄድን፤ ከነሹፌሩ ሦስት ሆነን በአንድ ሞተር። መገንጠያው ላይ ሙዙ ተከምሯል። የአሥራ አራት ቤት ሙዝ። ዝናቡ እላዩ ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ ኮባ ቅጠል ደርበው ተቀምጠዋል። አስካለች ብቻ ተነሳች።

"ለማን ሸጥሽን?"

"አልሸጥኳችሁም።"

"ስልክሽ ነው የጠራው። ሁለቴ ነው የጠራው። ስድስት ዓመት ሁለቴ ጠርቶ መኪና ያልመጣበት ቀን አለ? አንድ ቀን ጥቀሺልኝ።"

እና እኔ ምን አደረግኩ? ጣቴን አነሳሁ። "እሷ ናት" አልኩ። "ልጅቷ ናት የደወለችው።" ይኸው እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልልም። ጣቴን አነሳሁባት።

ትሁት ደግሞ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች። ሌላ ቃል የለም። ኔትወርክ ይቆረጣል ተብዬ ነው አላለችም። ንጋቷ ናት ያለችኝ አላለችም። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ዘለላ ተሸከመች፣ ወደ ቴፒ የሚያልፈውን አውቶቡስ በእጇ አስቆመች። ለተሳፋሪው በመስኮት እየሸጠች እስኪመሽ ቆየች። ግማሹ እንኳ አልሄደም። የቀረው ተረግጦ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ለከብት ይሆናል።



ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ነገርኳት። ሱቁን ገርበብ አድርጌ፣ ሻይ ቀድቼላት፣ ከመጀመሪያው። አንዱን፣ ሁለቱን፣ ለምን እንደማይነሳ። እህት እንደሌለኝም ነገርኳት።

ሻይዋን አስቀመጠች። ከዚያ፣ "ሁሉም ቆንጆ ነው ሲሉኝ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ" አለች። ራሷን ነው የምትወቅሰው። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

"አሁን ጥያቄ የኔ ነው" አልኳት። "ለሚስኮል ልታስከፍሉን ነው?"

ግራ ገባት። "እትዬ፣ እኛ የስልክ መሥሪያ ቤት አይደለንም። በአንድ ክፍል ቤት የምንሠራ አምስት ልጆች ነን። ኪራዩም ይከብደናል።"

"ይህን የነገርኩሽን ልትጽፊው ነው?"

"ካልፈቀዱ አልጽፍም። ግን ካልጻፍኩት ሌላ ሰው መጥቶ እንደኔ ያጠፋል።"

እውነቷን ይሁን? ዓይኗ እውነት ይመስላል። የአልአዛርም ሲያወራ እውነት ይመስላል... አትጻፊ አልኳት። ስነግራት የጫረችበትን ገጽ ፊት ለፊቴ ቀደደችው፣ አጣጥፋ እጄ ላይ አደረገችው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ትሁት ሄደች። ቀይ ደብተሩን ትታልኝ ነው የሄደችው። "የሚላክ ካለ ይላኩልኝ፣ ከሌለም የእርስዎ ነው።" ሐሴት እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት። ስትመለስ፣ "እማ፣ ለምንድነው ያልተሰናበትሻት?" ሱቅ ማን ይጠብቃል አልኳት። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ፈንታው አምስት ሰዓት ላይ ገባ። ኮፈኑን ነካሁ፣ ስልኬን አነሳሁ። ሃያ ስምንት ጊዜ። በርጩማው ባዶ ነው፣ ሽንት ቤት መሄድም የለ።

ፈንታው ቆሞ ያየኛል። አንገቱን ያካል።

"ንጋት... አትልፊ።"

"ምነው?"

"ከቦንጋ ወጥቼ ራሴ ደውዬላቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ደውል አሉኝ። ያንቺን ቁጥር አሁን አይሰሙትም።"

ሦስት። አዲስ ጥሪ አወጡ። ማንም አልነገረኝም።

እሺ አልኩት። እንደ ሰው አወራሁ፣ ሳቅኩም መሰለኝ። አንዷ ካርድ ስትገዛ መልሷን ረስቼ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

መኪናው ገባ፣ ወጣ። አየሁት። ለማን ልንገር?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ መኪናው ሳይገባ መሸ። ይህንንስ ለማን ልንገር?

አልአዛር፣ "ተገላገልሽ፣ ለነሱ ብለሽ ጣትሽ አለቀ" ይላል። ዝም በል አልኩት። ከዚያ ጠየቅኩት፣ ያ ስለ ሚስኮል ያወራኸው ከማን ሰማህ? "ማን ነበር... እኔ እንጃ፣ ሰው ሲያወራ።" ሰው ሲያወራ። እኔ ስድስት ዓመቴን በዚህ ሰው ወሬ...

አይ፣ እሱ ላይ ደግሞ ጣቴን ላንሳ? የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ሱቁን ለሐሴት ትቼ አስካለች ቤት ሄድኩ። ልጄ ፈተና ጨርሳለች፣ ስማርት ስልክ መነካካት ነው የምትፈልገው፣ ደስ አላት።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ግን ይቅርታ ብላት ምን ትለኛለች? "ምንም አይደል፣ ተባረኪ።" ለካርቶኑ ስልክ እንዳለችው። እዚህ አገር ፊት ለፊት የሚባለው ይሄ ነው። ስለዚህ ምንም አልጠየቅኩም። በሩ ላይ ግንድ አለ፣ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጠችው። አስካለች "ምነው?" አለች። "ምንም፣ ላርፍ ነው" አልኳት። ሰው ደጅሽ ሲቀመጥ ተነሺ አይባልም። ውሃ ሰጠችኝ፣ ሥራዋን ቀጠለች።

አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ፣ ተዘጋ። ጠራ፣ ተዘጋ። ጠራ፣ ተዘጋ። ፈንታው ነው። አሁን ገጀራ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ... አላነሱም። አስካለችና ጎረቤቶቿ እርስ በርስ ተያዩ። ሌሎች ሦስት ሴቶች ከየጓሮው ወጡ። አንዷ፣ ያቺ ባትሪውን የፈለገችው፣ ነጠላዋን አሸርጣ ዳገቱን ወጣች። እላይ ቆማ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ሌሎቹ ሥር ሆነው እሷን ያያሉ። ሁለት ሰዓት ያህል። ሙዙ እዚያው ግንዱ ላይ፣ ሰዎቹ ቆመው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል "መጣ" አለች፤ ያኔ ሮጡ። የቆረጡት ሩብ እንኳ አልሞላ፣ ፈንታው ከመንገድ ክላክሱን እየነፋ ይጮህባቸዋል። ግማሽ ጭኖ ሄደ።

ማንንም አልጠየቅኩም። አየሁ ብቻ።

መኪናው ሲሄድ አስካለች ግንዱ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ላቧን ትጠርጋለች።

"ባለፈው ማክሰኞ ከቦንጋ ደውሎ ጎማው ፈነዳ። ቆርጠን አደርን" አለች። ወደ እኔ አላየችም። "ሹፌር መምጣቱን ያውቃል እንጂ መድረሱን አያውቅም።"

እንዲሁ አፌ ውስጥ የነበረው ወጣ።

"ልጅቷን የዋሸኋት እኔ ነኝ። ለምን አያነሱም ስትለኝ ኔትወርክ ነው አልኳት። አምናኝ ነው ደግማ የደወለችው። ያን ቀን ጣቴን ያነሳሁት ደግሞ ፈርቼ ነው።"

አስካለች እጇን ጠረገች። ለረጅም ጊዜ። "አውቃለሁ" አለች። "ልጅቷ ሙዙን ስትሸከም ፊትሽን አይቼዋለሁ።"

ቆንጆ ነው አላለችኝም። ተባረኪም አላለችኝም። "አሁን ሂጂ፣ ሚኒባስ ያመልጥሻል" ነው ያለችኝ። እንዲህ ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ... ለማን ይነገራል ይሄ?

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ትሁት ጋ ደወልኩ። የሚነሳ ጥሪ። ካርዱ ይቁጠር።

"እትዬ ንጋቷ?"

"ያንን የቀደድሽውን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ጻፊው። ግን እንዲህ ብለሽ ጨምሪበት፤ ሰዎቹ የቸገራቸው መልእክት አይደለም። የሚፈልጉት መኪናውን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ላላየ ሰው የአፑን ቁልፍ እንዳትሰጪ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ግንድ ላይ ተቀምጬ።"

እየጻፈች ነበር፣ እስክሪብቶው ይሰማኛል። ያስከፍሉን ይሆን? አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ቢያስከፍሉም ግን ውሸት ላይ ተቀምጠው አይሁን።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ጭጋግ። ሃያ አንድ ስልክ ቻርጅ ላይ። ሐሴት በአዲሱ ጫማዋ ጭቃውን እየዘለለች ሄደች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። አንዴ ብቻ። ተዘጋ። አየሁት፣ የአስካለች ቁጥር። ስድስት ዓመት ከዚያ ወደዚህ እንዲህ ጠርቶ የተዘጋ የለም፤ የሚደውለው እኔ ነበርኩ። አንድ ከነሱ ወደ እኔ ምን ማለት ነው? ማንም አልነገረኝም... ግን መናኸሪያውን አየሁ። ፈንታው የለም።

አየሽው ወይ ማለቷ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

አንድ መለስኩላት። የለም።

ከዚያ እስከ አምስት ሰዓት ከበሩ አልተነሳሁም። አንድ ሰውዬ ካርድ ብሎ ሦስቴ ጠራኝ አሉ፣ አልሰማሁትም። አይሱዙው በሩን ሲያልፍ አየሁት፤ እስኪቆም ጠበቅኩ። ፈንታው ሳይወርድ ኮፈኑን ነካሁ፣ ትኩስ ነው።

"ንጋት፣ እኔ እኮ ዛሬ አልደወልኩም" አለ ከላይ ሆኖ። "ተው ብለውኛል።"

ሃያ ስምንት ጊዜ። ከሱቄ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞልቶ ተመለሰ። ረዳቱ ከላይ አንድ ዘለላ ወረወረልኝ። "አስካለች ናት የላከችልሽ፤ ምንም አላለችም።"

አሁን ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው። ቀዩን ከፈትኩት፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ስለዚያች እህቴ ነው የሚለው። ሰረዝኩት። ከሥሩ ጻፍኩ፦ "አምስት ሰዓት። ለአሥራ አራት ሴቶች። ሁለት ሁለት ጊዜ። ማንም አላነሳም፣ እንዲህ ነው የምንነጋገረው። መኪናውን አይቼዋለሁ።"

ነገ በፖስታ እልክላታለሁ።

ሁለቱ ደብተሮች አንድ ነገር ሲሉ ይሄ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው።